ቤት ውስጥ ለምንሠራው ባለ ጎማ ሮቦት ሞተርና ኮንትሮለር እንዴት እንምረጥ?

ሮቦት መሥራት የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚገዛው ሞተር ነው። እኔም የጀመርኩት እንደዚያ ነው። 12 ቮልት ናቸው፣ ማርሽ አላቸው፣ ጠንካራ ይመስላሉ፤ ይበቃል ብዬ ገዛሁ። ጎማዎቹን አየር ላይ አንጠልጥዬ ስሞክር ጥሩ አድርገው ዞሩ። ወለል ላይ ሳወርደው ግን ሮቦቱ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ የመቃጠል ሽታ መጣ። የከሰለውን ኮንትሮለር፣ ማለትም ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረውን ቦርድ፣ ፈትቼ ሳወጣ ነው ቅደም ተከተሉን እንደገለበጥኩት የገባኝ።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ሮቦቱ የሚፈልገው ጉልበት ነው። ሞተሩ የሚመረጠው ከዚያ ተነስቶ ነው። ኮንትሮለሩን የሚወስነው ደግሞ ሞተሩ ነው። ባትሪው መጨረሻ ይመጣል። ከዚህ በታች ያለውን በዚሁ ቅደም ተከተል ተከተሉት።

1. አራት ቁጥሮች ወረቀት ላይ አስፍሩ

አንደኛው ክብደት ነው። ባትሪውን፣ ኮምፒውተሩን፣ ሴንሰሮቹን፣ ብሎኑን ሳይቀር ደምሩ። በላዩ ላይ ሩቡን ያህል ጨምሩበት። ሮቦት እየተሠራ ሲሄድ ይከብዳል እንጂ ሲቀል አይቼ አላውቅም።

ሁለተኛው የጎማው ዲያሜትር ነው። ሦስተኛው የምትፈልጉት ፍጥነት ነው። ሰው በደህና እርምጃ በሰከንድ 1.4 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ቤት ውስጥ ለሚንቀሳቀስ ሮቦት የዚህ ግማሽ በቂ ነው። አራተኛው ሮቦቱ የሚወጣው ዳገት ነው። ሜዳ ላይ ብቻ ነው የሚሄደው ብላችሁ ዜሮ አትጻፉ። የበር ደፍም፣ የምንጣፍ ጫፍም፣ ወለል ላይ የተዘረጋ ገመድም ለትንሽ ጎማ ዳገት ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን 6 ኪሎ የሚመዝን፣ ባለ 10 ሴንቲሜትር ጎማ፣ በሰከንድ 0.8 ሜትር የሚሄድ፣ የ15 ዲግሪ ዳገት የሚወጣ ሮቦት እንውሰድ። ሁለት ጎማዎች በሞተር ይዞራሉ፤ ከኋላ ደግሞ በየአቅጣጫው የምትዞር ነጻ ጎማ አለች።

2. ጎማው የሚፈልገውን ጉልበት አስሉ

ክብደቱን በ9.81 አባዙት፤ የመጣውን ደግሞ በዳገቱ ሳይን አባዙት። የ15 ዲግሪ ሳይን 0.26 ነው። ስለዚህ 6 በ9.81 በ0.26 ሲባዛ 15 ኒውተን ገደማ ይሆናል። ዳገቱ ሮቦቱን ወደ ኋላ የሚጎትተው በዚህ ኃይል ነው። ጎማው ሲንከባለል የሚያጋጥመው ሰበቃም አለ፤ ለጎማ በደረቅ ወለል ላይ የክብደቱን 3 በመቶ ብንይዝ 2 ኒውተን ያህል ነው። ሮቦቱ ከቆመበት ሲነሳ በየሰከንዱ 0.5 ሜትር በሰከንድ ፍጥነት እንዲጨምር ከፈለግን ሌላ 3 ኒውተን ያስፈልገዋል። በድምሩ 20 ኒውተን።

ሁለቱ ጎማዎች ሲካፈሉት ለእያንዳንዱ 10 ኒውተን ይደርሰዋል። ይህን በጎማው ሬዲየስ፣ ማለትም በ0.05 ሜትር፣ ስናባዛው 0.5 ኒውተን ሜትር ቶርክ፣ ማለትም የማዞር ጉልበት፣ እናገኛለን። የሞተር ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚጽፉት በኪሎግራም ሴንቲሜትር ነው። 1 ኒውተን ሜትር 10.2 ኪሎግራም ሴንቲሜትር ስለሆነ የእኛ 5 ገደማ ይሆናል።

ፍጥነቱ ይቀላል። የ10 ሴንቲሜትር ጎማ ዙሪያ 31.4 ሴንቲሜትር ነው። በሰከንድ 80 ሴንቲሜትር ለመሄድ 2.55 ጊዜ መዞር አለበት፤ ይህም በደቂቃ 153 ዙር ነው።

ስሌት የማይወድ ሰው ሌላ መንገድ አለው፤ እኔ እንዲያውም ይህኛውን የበለጠ አምነዋለሁ። ካርቶን ወይም ጣውላ ላይ ጎማዎቹን ግጠሙ። የሮቦቱን ክብደት የሚያህል መጽሐፍ ወይም ውሃ የሞላ ጠርሙስ ጫኑበት። በሚንጠለጠል የሻንጣ ሚዛን ምንጣፉ ላይ፣ ደፉ ላይ፣ ዳገቱ ላይ ቀስ ብላችሁ ጎትቱት። ሚዛኑ ያሳየውን ትልቁን ኪሎ በ9.81 ብታባዙት ኒውተኑን አገኛችሁ ማለት ነው። ስሌቱ የማያየውን የወለሉን ጠባይ ሚዛኑ ያየዋል።

ጎማ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዲያሜትሩን እጥፍ ስታደርጉ ለተመሳሳይ ሞተር ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል፤ የሚፈለገው ቶርክም እጥፍ ይሆናል። ሞተሩ ደክሞ ሮቦቱ አልወጣ ሲል ብዙ ሰው ትልቅ ጎማ ሊገጥምለት ይሞክራል። ያ ይብሱን ያደክመዋል። ፍጥነቱ ከተረፋችሁ ትንሽ ከፍ ያለ የማርሽ ሬሾ (ጎማው አንዴ ሲዞር ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደሚዞር) ወይም ትንሽ አነስ ያለ ጎማ ነው መፍትሔው።

3. የሞተሩን ቁጥሮች አንብቡ

የሞተር መግለጫ ላይ ቶርክ ተብሎ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ስቶል ቶርክ ነው። ስቶል ማለት ኤሌክትሪክ እየተሰጠው ዘንጉ ተይዞ መዞር ያቃተው ሞተር ሁኔታ ነው። ያን ጊዜ ቶርኩ ትልቁ ነው፤ የሚስበውም ከረንት ትልቁ ነው፤ ፍጥነቱ ግን ዜሮ ነው። መግለጫው ላይ ያለው ፍጥነት ደግሞ ምንም ጭነት ሳይኖርበት የሚዞረው ነው። ሁለቱ ቁጥሮች አብረው አይገኙም። አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል፤ ካርቦን (ወደሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርስ ብሩሽ) ላለው የዲሲ ሞተር ግንኙነታቸው ቀጥ ያለ መስመር ነው ማለት ይቻላል።

ሞተሩ ብዙ ኃይል የሚያወጣው በግማሽ ፍጥነቱ ላይ ቢሆንም እዚያ ላይ ማዋል ተገቢ አይደለም። ከገባው ኤሌክትሪክ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሙቀቱ የሚያድገው በከረንቱ ካሬ ነው፤ ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የምከተለው ደንብ ይህ ነው፦ ሮቦቱ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ቶርክ ከሞተሩ ስቶል ቶርክ ሩቡን አይለፍ።

በእኛ ምሳሌ 0.5 በ4 ሲባዛ 2 ኒውተን ሜትር፣ ማለትም 20 ኪሎግራም ሴንቲሜትር ገደማ ስቶል ቶርክ እንፈልጋለን። በሩብ ጭነት ሞተሩ ከባዶ ፍጥነቱ ሦስት አራተኛውን ይዞ ይዞራል። 153ን ለ0.75 ብናካፍል 204 ይመጣል። እንግዲህ የምንፈልገው ሞተር ታወቀ፦ ባለ 12 ቮልት፣ በባዶው በደቂቃ 200 ዙር አካባቢ፣ ስቶል ቶርኩ 20 ኪሎግራም ሴንቲሜትር የሆነ ባለ ማርሽ ሞተር። 37 ሚሊሜትር ዲያሜትር ካላቸው ሞተሮች ውስጥ ይህን የሚያሟሉ አሉ። የስቶል ከረንታቸው ከ5 እስከ 6 አምፔር ይደርሳል።

አሁን አንድ የሚያስደስት ነገር አስሉ። ከሮቦቱ ክብደት 4.5 ኪሎው በሁለቱ ጎማዎች ላይ ካረፈና የጎማው የመያዝ አቅም 0.8 ከሆነ፣ ሁለቱ ጎማዎች ሳይንሸራተቱ ሊገፉ የሚችሉት 35 ኒውተን ገደማ ነው። ለአንድ ጎማ 0.9 ኒውተን ሜትር ሳይሞላ ማለት ነው። ሞተራችን ደግሞ እስከ 2 አለው። ሮቦቱ ግድግዳ ጋ ሄዶ ቢጋጭ ጎማው ይንሸራተታል እንጂ ሞተሩ አይቆምም። ስቶል ውስጥ አይገባም፤ አይቃጠልም። ይህን ሚዛን ስታገኙ ለሞተሩም ለኮንትሮለሩም ትልቅ እፎይታ ነው።

አራት ጎማውም በሞተር የሚዞር ሮቦት የምትሠሩ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። እንዲህ ያለው ሮቦት የሚታጠፈው ጎማዎቹን ወደ ጎን እየጎተተ ነው። ቀጥ ብሎ ለመሄድ ከሚፈልገው ብዙ እጥፍ ጉልበት ለመታጠፍ ይጠይቃል፤ በተለይ ረጅምና ጠባብ ከሆነ። ከፊትና ከኋላ ጎማዎች መካከል ያለውን ርቀት አሳጥሩ፤ የግራና የቀኙን አስፉ። ለመጀመሪያ ሮቦት ግን ሁለት ሞተርና አንድ ነጻ ጎማ ይሻላል ባይ ነኝ።

4. የሞተሩን ዓይነት ወስኑ

ለአብዛኛው የቤት ውስጥ ሮቦት መልሱ ካርቦን ያለው ባለ ማርሽ የዲሲ ሞተር ነው። ለመቆጣጠር ቀላል ነው፤ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው። የተማሪዎች ኪት ውስጥ የሚመጣው ቢጫው የፕላስቲክ ሞተር ከ3 እስከ 6 ቮልት ይሠራል፤ ሬሾው ብዙ ጊዜ 1 ለ48 ነው። ለአንድ ኪሎ ገደማ ሮቦት ይሆናል። ከዚያ በላይ ስትጭኑበት የፕላስቲክ ጥርሱ ይበላል፣ ዘንጉም ይጣመማል።

ስቴፐር ሞተር፣ ማለትም በትናንሽ እርምጃ የሚዞረው፣ ቆጥሮ ለመዞር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቆሞም ከረንት ይበላል፣ ፍጥነቱ ሲጨምር ጉልበቱ ይወድቃል፣ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ደግሞ ሳይነግራችሁ እርምጃ ይዘላል። ለባትሪ ሮቦት አልመርጠውም።

ብራሽለስ፣ ማለትም ካርቦን የሌለው፣ ሞተር ጠንካራና ዕድሜው ረጅም ነው። የድሮን ሞተርና የድሮን ኮንትሮለር ግን ለሮቦት አይሆኑም። የተሠሩት ለከፍተኛ ፍጥነት ነው፤ ከቆመበት በዝግታ በጭነት መነሳት ይቸግራቸዋል። ከሆቨርቦርድ የሚወጣው ጎማው ውስጥ የተቀበረ ሞተር ግን ሌላ ነው። አብዛኛው 36 ቮልት ነው፤ የሞተሩን አቀማመጥ በማግኔት የሚያውቅ የሆል ሴንሰር አለው፤ ከ20 ኪሎ በላይ ለሚመዝን ሮቦት ግሩም ነው። እንደ ቬስክ ያለ የሆል ሴንሰር የሚያነብ ኮንትሮለር ይፈልጋል።

የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ሞተርም ብዙ ሰው ይጠቀምበታል። ጉልበት አለው፣ ቀርፋፋ ነው። የጠመዝማዛ ማርሽ ስላለው ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ዳገት ላይ ባለበት ይቆማል፤ በእጅ ግን ገፍታችሁ አታንቀሳቅሱትም። ከመግጠማችሁ በፊት በመልቲሜትር ቆርቆሮውን ፈትሹ። በብዙዎቹ ላይ የኔጌቲቩ መስመር ከአካሉ ጋር የተያያዘ ነው። አካሉ ከብረት ቻሲ ጋር ከተነካካና ኮንትሮለሩ አቅጣጫ ሲቀይር ሾርት ይሆናል።

ኤንኮደር፣ ማለትም የሞተሩን ዙር የሚቆጥር ሴንሰር፣ ያለው ሞተር ግዙ። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ሁለት ሞተሮች ከአንድ ካርቶን ቢወጡም እኩል አይዞሩም፤ ሮቦቱ ቀጥ በል ስትሉት ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ኤንኮደር ካለ ፕሮግራሙ የሁለቱን ዙር እየቆጠረ ያስተካክላቸዋል። በሞተሩ አንድ ዙር 44 ቁጥር የሚሰጥ ኤንኮደር ከ1 ለ50 ማርሽ ጋር በጎማው አንድ ዙር 2200 ቁጥር ይሰጣል። በእኛ ጎማ አንዱ ቁጥር 0.14 ሚሊሜትር ያህል ጉዞ ነው። በኋላ እጨምረዋለሁ ብላችሁ ከተዋችሁት የምትጨምሩበት ቦታ አይኖርም።

5. መግለጫ የሌለውን ሞተር ራሳችሁ ለኩት

ከአሮጌ ዕቃ የወጣ ሞተር ላይ ምንም ያልተጻፈ ሊሆን ይችላል። ለኮንትሮለር ምርጫ የግድ የሚያስፈልገው የስቶል ከረንቱ ነው። የሞተሩን ሁለት ጫፎች በመልቲሜትር ኦም ላይ አድርጋችሁ ለኩ። ዘንጉን ትንሽ ትንሽ እያዞራችሁ ብዙ ጊዜ ለኩ፤ ካርቦኑ የሚነካው ቦታ ሲቀየር ቁጥሩም ይቀያየራል። ትንሹን ቁጥር ያዙ። 2.2 ኦም ካገኛችሁና 12 ቮልት ልትሰጡት ከሆነ፣ 12ን ለ2.2 ስታካፍሉ 5.5 አምፔር ነው።

ከ1 ኦም በታች ከሆነ ግን መልቲሜትሩን አትመኑት፤ የራሱ ገመድ ሬዚስታንስ ያሳስታል። ያን ጊዜ በ2 ቮልት ዘንጉን ይዛችሁ ለአንድ ሰከንድ ብቻ ከረንቱን አንብቡ፤ ለ12 ቮልት በ6 አባዙት። በሙሉ ቮልቴጅ ባለ ማርሽ ሞተርን አንቆ መያዝ ጥርሱን ሊሰብር ይችላል፤ አትሞክሩት።

6. ኮንትሮለሩን በስቶል ከረንቱ ምረጡ

የእኔን ኮንትሮለር ያቃጠለው ይህን አለማወቄ ነበር። ሞተሩ ሜዳ ላይ ግማሽ አምፔር እንኳ አይበላም ነበርና 2 አምፔር የሚል ቦርድ በቂ መሰለኝ። ሞተር ግን ከቆመበት በተነሳ ቁጥር ለቅጽበት የስቶል ከረንቱን ይስባል። ምንጣፍ ጫፍ ላይ ሲያዝ ደግሞ ቅጽበቱ ይረዝማል።

ስለዚህ ለትናንሽ ሮቦቶች ደንቡ ግልጽ ነው። የኮንትሮለሩ ቀጣይ ከረንት ከሞተሩ ስቶል ከረንት ይብለጥ። ቀጣይ የሚለውን ቃል ፈልጉ። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ለጥቂት ቅጽበት የሚችለው ነው። ለእኛ 5.5 አምፔር ሞተር በአንድ ቻናል (በአንድ የሞተር መውጫ) ከ8 እስከ 10 አምፔር በቀጣይነት የሚችል እመርጣለሁ። ሁለት ሞተር በአንድ ቻናል ካሰራችሁ የሁለቱን ስቶል ከረንት ደምሩ።

ስቶል ከረንታቸው 50 ወይም 100 አምፔር የሚደርስ ትልልቅ ሞተሮች ላይ ይህ ደንብ አይመችም። እዚያ ከረንት የሚገድብ ኮንትሮለር ይፈለጋል። ገደቡን ራሳችሁ ታስገባላችሁ፤ ከዚያ በላይ አያሳልፍም።

የታወቁትን ኮንትሮለሮች እንይ። ኤል298ኤን በየኪቱ ውስጥ አለ። የድሮ ዓይነት ትራንዚስተር ስላለው በ1 አምፔር 2 ቮልት ገደማ ራሱ ይበላል፤ በ2 አምፔር ብክነቱ ወደ 5 ቮልት ሊጠጋ ይችላል። 6 ቮልት ባትሪ ላይ ቢጫ ሞተር ስታሰሩበት ለሞተሩ የሚደርሰው 4 ቮልት ነው። የቀረው ያን ጥቁር ሂት ሲንክ ያሞቃል። ለመማሪያ እንጂ ለሚሠራ ሮቦት አልመክረውም። ቲቢ6612 ሞስፌት በሚባለው አዲስ ዓይነት ትራንዚስተር የተሠራ ስለሆነ ብክነቱ ትንሽ ነው፤ በአንድ ቻናል 1.2 አምፔር በቀጣይነት ይችላል። ለቢጫው ሞተር ትክክለኛው እሱ ነው። ዲአርቪ8833ም ለትንሽ ሞተር ጥሩ ነው፤ ከ10.8 ቮልት በላይ ግን አይችልምና ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር አታገናኙት። ቢቲኤስ7960 ላይ 43 አምፔር የሚል ታያላችሁ። ቦርዱ ከነትንሽ ሂት ሲንኩ ያን ያህል በቀጣይነት አይችልም፤ ለ10 አምፔር አካባቢ ግን አስተማማኝ ነው። አንድ ቦርድ አንድ ሞተር ብቻ እንደሚያሠራም አትርሱ።

ቮልቴጁም ይታይ። ባለ 3 ሴል ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ 11.1 ቮልት ይባላል፤ ሲሞላ ግን 12.6 ነው። ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ ስታቆሙት ጀነሬተር ይሆንና ኤሌክትሪክ ወደ ኋላ ይልካል። ባትሪ ይህን ይቀበላል። ግድግዳ ላይ የሚሰካ ፓወር ሰፕላይ ግን ብዙ ጊዜ አይቀበልም፤ ቮልቴጁ ይወጣና ኮንትሮለሩን ይገድላል። ስለዚህ የኮንትሮለሩ ከፍተኛ ቮልቴጅ ከሞላ ባትሪ ቢያንስ በሩብ ይብለጥ።

ከሙሉ ወደፊት በቀጥታ ወደ ሙሉ ኋላ አትቀይሩ። የሚዞረው ሞተር ራሱ የሚያመነጨው ቮልቴጅ ከባትሪው ጋር ይደመርና ከረንቱ የስቶሉ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ፕሮግራሙ ላይ ፍጥነቱ ቀስ በቀስ እንዲቀየር አድርጉ። ግማሽ ሰከንድ ብትሰጡት ይበቃዋል፤ ጥርሱም ዕድሜ ያገኛል።

የትእዛዝ መስመሩንም አረጋግጡ። ራስበሪ ፓይና ኢኤስፒ32 የሚባሉት ትናንሽ የኮምፒውተር ቦርዶች የሚሰጡት 3.3 ቮልት ነው፤ 5 ቮልት የሚጠብቅ ኮንትሮለር ላይሰማቸው ይችላል። የፒደብሊውኤም፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ቶሎ ቶሎ እያበሩ እያጠፉ ሞተሩን የመቆጣጠሪያ ዘዴ፣ ፍጥነቱን በተመለከተ፣ አርዱይኖ ኡኖ የሚባለው ቦርድ ሳትነኩት በአብዛኛው ፒኖቹ ላይ 490 ኸርዝ ነው፤ ሞተሩ ሲያፏጭ የምትሰሙት እሱን ነው። ኮንትሮለሩ ከፈቀደ ወደ 20 ኪሎኸርዝ ውሰዱት፤ ከጆሮ ያልፋል።

7. ባትሪ፣ ፊውዝ፣ ሽቦ

በዳገት ላይ ሁለቱ ሞተሮቻችን 3 አምፔር ገደማ ይበላሉ። 2200 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ ያለማቋረጥ ዳገት ቢወጣ 40 ደቂቃ ያህል ያቆየዋል፤ ሜዳ ላይ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ጭስ ጠቋሚ ውስጥ የሚገባው ባለ 9 ቮልት ካሬ ባትሪ ሞተር አያሠራም፤ ይህን አትሞክሩ። ፊውዙን ባትሪው አጠገብ፣ ፖዘቲቩ ላይ አድርጉ፤ ለእኛ 10 አምፔር ይሆናል። ለሞተር መስመሩ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ በቂ ነው። የኮምፒውተሩና የኮንትሮለሩ ኔጌቲቭ መገናኘት አለበት፤ ካልተገናኘ ትእዛዙ አይደርስም። ለኮምፒውተሩ የራሱ 5 ቮልት ሬጉሌተር ስጡት፤ ሞተሩ ሲነሳ ቮልቴጁ ወርዶ እንዳያጠፋው።

8. በዚህ ቅደም ተከተል ሞክሩት

መጀመሪያ ጎማዎቹን አየር ላይ አድርጉ። ኮምፒውተሩን ደጋግማችሁ አጥፉና አብሩ። ሲበራ ጎማው እንኳ ለቅጽበት ከዞረ የኮንትሮለሩ ማስነሻ ፒን ላይ ወደ ኔጌቲቭ የሚያያዝ የ10 ኪሎኦም ሬዚስተር ጨምሩ። ከዚያ የትእዛዝ ገመዱን ወይም ገመድ አልባ ግንኙነቱን አቋርጡ፤ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ መቆም አለበት። ይህ ሳይሠራ ሮቦቱን ወለል ላይ አታውርዱት። 6 ኪሎ ቀላል ይመስላል፤ ደረጃ ላይ ከወደቀ ወይም የሕፃን እግር ከነካ ግን ቀላል አይደለም። በእጅ የሚመታ ማጥፊያም አናቱ ላይ ግጠሙ።

ኤንኮደሩ የሚዘላብድ ከሆነ ወይም ሞተሩ ሲነሳ ኮምፒውተሩ ሪስታርት ካደረገ የካርቦኑ ብልጭታ የሚፈጥረው ረብሻ ሊሆን ይችላል። በሞተሩ ሁለት ጫፎች መካከል 0.1 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር በዩት። የሞተሩን ሁለት ሽቦዎችም እርስ በርስ ጠምዝዟቸው፤ ከኤንኮደሩ ሽቦ አርቋቸው።

በመጨረሻ ሙሉ ክብደቱን ጭናችሁ ለ10 ደቂቃ አሠሩት፤ ዳገቱንም ምንጣፉንም እየደጋገመ ይውጣ። አቁማችሁ ሞተሩን ንኩት። ጣታችሁን ለ5 ሰከንድ ማሳረፍ ካቃታችሁ ጭነቱ በዝቶበታል፤ ወደ ቁጥር 3 ተመለሱና የማርሽ ሬሾውን ከፍ አድርጉ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ኮንትሮለሩ ብቻ ከጋለ ግን ሞተሩን አትንኩት፤ የሚቀየረው ቦርዱ ነው።